በቆርቆሮ የታጠረው የገበያ ሕንፃ

ጥያቄ፦ ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ መሐል በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ባለ አንድ የገበያ ሕንፃ ውስጥ ሱቅ ተከራይቼ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት የሀገር ልብስ ሸጫለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ባለቤቱ «ለእድሳት ነው» ብለው ሁላችንንም አስወጡን፤ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጠረ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ምንም አልተሠራም። አንዱ ለባለሀብት ተሸጧል ይላል፣ ሌላው መንግሥት ለልማት ሊወስደው ነው ይላል። ሱቁን ስይዝ ለቀድሞዋ ተከራይ የከፈልኩት የቁልፍ ገንዘብ ቀላል አልነበረም። ቦታው ምን ይሆናል? የመመለስ መብትስ አለኝ?
አንዲት አንባቢ፣ ከአራዳ

መልስ፦ ሰፈርዎ ገበያ ሲዘጋበት ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም የነበረው ታላቁ የአራዳ ገበያ በጣልያን ወረራ ዘመን ተነሥቶ ወደ ዛሬው መርካቶ ሲዛወር፣ ነጋዴውም እንደ እርስዎ ዕቃውን ይዞ ሄዷል። ልዩነቱ ያኔ የት እንደሚሄድ መታወቁ ነው።

ወደ ጥያቄዎ ስንመለስ፣ የሕንፃውን ዕጣ ከወሬ ይልቅ የይዞታው ዓይነት ይናገራል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ፣ የሕንፃው ባለቤት የሚሸጡት ሕንፃውን እንጂ መሬቱን አይደለም። ይዞታው ነባር (ቦታን በውል ለተወሰነ ዘመን ከሚያሲዘው የሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ከሆነና በእርግጥ ተሽጦ ከሆነ፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ አዋጅ ቁጥር 721 ከውርስ በስተቀር በማናቸውም መንገድ የተላለፈ ነባር ይዞታ ወደ ሊዝ ሥርዓት እንዲገባ ስለሚያዝ፣ ገዢው ከከተማው አስተዳደር ጋር የሊዝ ውል ይዋዋላል። ሊዝ የያዘ ሰው ደግሞ ግንባታ የሚጀምርበትና የሚጨርስበት ጊዜ በውሉ ስለሚወሰን፣ ቦታውን አጥሮ እንዳሻው ሊያቆየው አይችልም። ማፍረስም ሆነ መገንባት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ወደ ክፍለ ከተማው የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄደው ለቦታው ፈቃድ መጠየቁን ቢያጣሩ፣ ሰፈሩ በሁለት ዓመት ካወራው የበለጠ ያውቃሉ።

መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የሚወስደው ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ካሳን የሚያስበው በዋናነት ለባለይዞታው፣ በመሬቱ ላይ ላፈራው ንብረት ነው። ሕንፃው የእርስዎ ስላልሆነ የሕንፃው ካሳ እጅዎ ይገባል ብለው አይጠብቁ። አዋጁ በኋላ ማሻሻያ ተደርጎበታልና፣ ተከራይን የሚመለከተው ድንጋጌ ዛሬ ምን እንደሚል የሕግ ባለሙያ ያሳይዎት።

የቁልፉ ገንዘብ ነገር ከሁሉ የከበደው ነው። በአዲስ አበባ የንግድ ሰፈሮች ቁልፍ መግዛትና መሸጥ እንደ ተራ ነገር ቢታይም፣ ገንዘቡን የተቀበሉት የቀድሞዋ ተከራይ እንጂ ባለቤቱ አይደሉም፤ ስለዚህ ባለቤቱን በዚህ ገንዘብ መጠየቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው። የንግድ ሕጉ ለንግድ ሥራ የተከራዩትን ቤት የመጠቀም መብት የንግድ መደብር (በሕጉ አነጋገር፣ ቤቱ ሳይሆን የንግድ ሥራው ራሱ ከነመብቶቹ) አንዱ አካል አድርጎ ያየዋል፤ እርስዎም የገዙት በጽሑፍ የተደረገ የንግድ መደብር ሽያጭ ከነበረ የሚያሳዩት ሰነድ አለዎት። በሻይ ቤት ተቆጥሮ የተሰጠ ከሆነ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ጠፋ ቢቆጥሩት ይሻላል።

መመለስን በተመለከተ፣ ጊዜው ያለቀ የኪራይ ውል በራሱ የመመለስ መብት አይሰጥም። ነገር ግን «ለእድሳት» የሚለው ቃል በጽሑፍ ከደረሰዎት ወረቀቱን አይጣሉት፤ መውጣቱ ጊዜያዊ ነበር ብለው ለመከራከር ይረዳዎታል። ከቀድሞ ጎረቤቶችዎ ጋር ሆነው ለባለቤቱ፣ ተሽጦ ከሆነም ለገዢው፣ ሲታደስ ቅድሚያ እንዲሰጣችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የምትስማሙበትም ነገር ቢኖር ኪራዩን፣ ስፋቱንና ጊዜውን ጨምሮ በውል ይስፈር። ይህን ግንባታው ሳይጀመር ማድረጉ ይበጃል፤ ሕንፃው አልቆ መስታወት ከለበሰ በኋላ የሚጠየቀው ኪራይ ሌላ ነውና።

አንድ ያልጠየቁት ነገር ልጨምር። ሱቁ ከተዘጋ ወዲህ የንግድ ፈቃድዎን አድራሻ ካላስቀየሩ ወይም ፈቃዱን ካልመለሱ፣ በዚህ ሳምንት ወደ ወረዳዎ የንግድና የገቢዎች ጽሕፈት ቤቶች ይሂዱ፤ በመዝገብ ላይ ክፍት የሆነ ሱቅ፣ በሩ በቆርቆሮ ቢታጠርም፣ ግብር ሊጠየቅበት ይችላል።