የእህቴ ሰርግ ቪዲዮ ለምን ይንቀረፈፋል?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። ቤታችን አንድ ያረጀ ዴስክቶፕ አለ፤ ኮር ቱ ዱዎ ነው፣ ራሙ 2 ጊጋ፣ ዊንዶውስ 7 ተጭኖበታል። ጥር ላይ የታናሽ እህቴ ሰርግ ነበር፣ የአክስቴ ልጆች ጣና ዳር በአይፎን የቀረጹትን በፍላሽ ሰጡኝ። ስከፍተው ድምፁ በደንብ ይሄዳል፣ ምስሉ ግን ይቆማል። ከኋላ የምታልፈው ታንኳ ሐይቁ ላይ ተገትራ ትቀራለች። እማዬ «ዘፈኑ አለቀ፣ እስክስታው የት ሄደ?» ትለኛለች። ያለኝ ቪኤልሲ ነው። ከሱ የቀለለ ማጫወቻ ካለ ንገሩኝ፣ አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት አቅሙ የለኝም።

መልስ፦

እንኳን ደስ አላችሁ ወንድሜ። ኮምፒውተር አትግዛ። ቀለል ያለ ማጫወቻ አለ፣ ግን እሱ ብቻውን አይበቃህም።

መጀመሪያ ቪዲዮውን ፍላሹ ላይ እንዳለ አትክፈት፣ ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ አድርገው፤ ያረጀ ፍላሽ ራሱ ያንቀረፍፋል። ከዚያ በቪኤልሲ ክፈትና ኮንትሮልና ጄን አንድ ላይ ተጫን። በሚመጣው መስኮት ውስጥ ኮዴክ (ቪዲዮው የታመቀበት ዘዴ) የሚለው ቦታ ላይ ኤችኢቪሲ ወይም ኤች 265 የሚል ካየህ ጣጣው እሱ ነው። አይፎኖች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ቦታ ለመቆጠብ በዚህ ይቀርጻሉ። ፋይሉ ያንሳል፣ መፍታቱ ግን ከባድ ሥራ ነው። አዳዲስ ኮምፒውተሮች ግራፊክሳቸው ላይ ለዚህ ብቻ የተሠራ ክፍል አላቸው። ያንተ ዓይነት ፕሮሰሰር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፣ ኤች 265 ደግሞ በ2013፤ ስለዚህ ሸክሙ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ቪዲዮው እየሄደ ታስክ ማናጀርን ክፈት፣ ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ ማለት ነው) 100 በመቶ አካባቢ ተሰቅሎ ታየዋለህ። ማጫወቻ ብትቀያይር ይሄ ብዙም አይለወጥም።

መፍትሔው ፋይሉን ለመፍታት ወደሚቀለው የቆየ ዘዴ፣ ወደ ኤች 264 መቀየር ነው። የአክስትህ ልጆች ላፕቶፕ ካላቸው ሃንድብሬክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጫኑበት። አዲሱ ሃንድብሬክ ዊንዶውስ 7 ላይ አይሠራምና ያንተ ላይ አትድከም። ፕሪሴት (ተዘጋጅተው የተቀመጡ ምርጫዎች) ከሚለው ውስጥ «ፋስት 720ፒ30» የሚለውን ይምረጡ። ኮር ቱ ዱዎ ይህንን ያለ ችግር ያጫውተዋል። ዋናውን ፋይል ግን በምንም ዓይነት እንዳታጠፋው፣ አንድ ቀን የእህትህ ልጆች በጥራቱ ያዩታል። ለሚቀጥለው ድግስ ደግሞ ስልካቸው ላይ ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ገብተው «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ያድርጉት።

አሁን ወደ ማጫወቻው። እንዳንተ ላለ ማሽን እኔ የምጭነው ሚዲያ ፕሌየር ክላሲክ ሆም ሲኒማን ነው። ወዲያው ይከፈታል፣ ራም አይበላም፣ መልኩም እንደ ድሮው የዊንዶውስ ማጫወቻ ስለሆነ እናትህ አይቸገሩበትም። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 አቁመዋል፣ ሌላ ባለሙያ ግን ቀጥሎበታል፤ የምታወርደው የሱን ይሁን። ኤምፒቪ የሚባለው ማጫወቻ ከዚህም ይቀላል፣ ግን ሜኑ የለውም ማለት ይቻላል፣ አብዛኛው ነገር በኪቦርድ ነው፤ ቤተሰብ ለሚጋራው ኮምፒውተር አልመክረውም። ቪኤልሲንም አታጥፋው፣ ተበላሽቶ ወይም ተቆርጦ የመጣ ፋይል ሲያጋጥምህ ብዙ ጊዜ የሚከፍትልህ እሱ ነው።

አንድ ነገር አደራ። «ኮዴክ ፓክ» የሚሉ ነገሮችን ከየቦታው እየለቀምክ አትጫን። እነዚህ ማጫወቻዎች የሚያስፈልጋቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። ስታወርድም ከራሳቸው ገጽ ይሁን፤ ፍለጋ ላይ ከላይ በማስታወቂያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሌላ ኮተት ጭኖብህ ይሄዳል። የዳታው ነገር ካሳሰበህ ሚዲያ ፕሌየር ክላሲክ ከ50 ሜጋባይት በታች ነው፣ ካፌ ገብተህ በፍላሽ መያዝ ትችላለህ።

ከተቀየረም በኋላ ምስሉ ከቆመ ኮንትሮልና ጄ ላይ ያየኸውን ሁሉ ገልብጠህ ላክልን።