መልስ፦ ሮን ባራሲ በተጫዋችነቱ ይበልጣል ወይስ በአሰልጣኝነቱ?

ውድ ጠያቂ፣ ሮን ባራሲ በአውስትራሊያ እግር ኳስ (ከተለመደው እግር ኳስ የተለየ፣ ኳስ በእግርም በእጅም የሚቀባበሉበትና አንድ ጎል ስድስት ነጥብ የሚያስገኝበት ጨዋታ) ይበልጥ ሊታወስ የሚገባው በተጫዋችነቱ ነው ወይስ በአሰልጣኝነቱ ብለው ለጠየቁት፣ እኔ ሚዛኑ ወደ አሰልጣኝነቱ ያደላል ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ1936 የተወለደው ባራሲ፣ የሜልበርን ክለብ ተጫዋች የነበረው አባቱ በ1941 ሊቢያ ውስጥ ቶብሩክ ላይ በጦርነት ከተገደለ በኋላ፣ በወጣትነቱ የአባቱ የቡድን ጓደኛ በነበረው በአሰልጣኝ ኖርም ስሚዝ ቤት ኖሯል። በተጫዋችነት ከሜልበርን ጋር ስድስት ዋንጫ አንስቷል። በ1965 ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ ወደ ካርልተን ክለብ ተዛወረ፤ በ1968ም ዋንጫ አስገኘለት።

የአሰልጣኝነት ብቃቱ ጎልቶ የታየው ግን 121,696 ተመልካች በታደመበት የ1970 የፍጻሜ ጨዋታ ነው። ካርልተን በኮሊንግውድ በ44 ነጥብ ተመርቶ ለእረፍት ሲወጣ፣ ባራሲ ተጫዋቾቹ ኳሷን በእጅ እየመቱ በፍጥነት እንዲቀባበሉና ወደፊት እንዲገፉ አዘዘ፤ ቴድ ሆፕኪንስም ተቀይሮ ገብቶ አራት ጎል አስቆጠረ፤ ካርልተን በ10 ነጥብ አሸነፈ። እንዲህ ባለ ጭንቅ ሰዓት የለመዱትን አጨዋወት መተው፣ በእኔ እምነት፣ ከማንኛውም ዋንጫ በላይ የሚያስከብረው ድፍረት ነው።

ሰሜን ሜልበርን የተባለውን ክለብም በ1975 በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሻምፒዮንነት አብቅቷል፤ በ1977ም ድሉን ደግሞታል።