የፐርማንጋኔት ማመልከቻ ለምን ይመለሳል?

ጥያቄ፦ የቀድሞ ደረቅ እጥበት ቤት በነበረበት ግቢ የከርሰ ምድር ውሃው ለደረቅ እጥበት በሚያገለግለው ማሟሟቻ፣ በፐርክሎሮኤትሊን ተበክሏል፤ በሊትር እስከ 2 ሚሊግራም ተለክቷል። አፈሩ አሸዋማ ነው፣ በመካከሉ ቀጫጭን የሸክላ ንጣፎች አሉ። በስድስት ጉድጓዶች ፖታሲየም ፐርማንጋኔት (ብክለቱን የሚያፈርስ ሐምራዊ ኬሚካል) ለማስገባት አመለከትን። የእያንዳንዱ ስክሪን (ፈሳሹ የሚወጣበት የቱቦው ቀዳዳማ ክፍል) ርዝመት 4 ሜትር፣ የሚገባው መጠን 3 ሜትር ኩብ፣ የሚያዳርሰው ራዲየስ 3 ሜትር ብለን ነበር። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት «ስሌቱ አይደግፈውም፤ ተጓዳኝ ጉዳቱም አልተጠናም» ብሎ መለሰው። ምን እናስተካክል?

መልስ፦ የመለሱበት ምክንያት ትክክል ነው። ውሃ በነፃነት የሚያልፍበት የአፈሩ ክፍተት 15 በመቶ ቢሆን፣ 3 ሜትር ድረስ ለመድረስ 3.14 × 3 × 3 × 4 × 0.15፣ ማለትም ወደ 17 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። 3 ሜትር ኩብ የሚደርሰው 1.26 ሜትር ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ወይ መጠኑን ጨምሩ፣ ወይ ጉድጓዶቹን አቀራርቡ። የ17ቱም ስሌት ቢሆን አፈሩ ወጥ ነው ከሚል ግምት የተነሳ ነው፤ በተግባር ፈሳሹ ሻካራውን አሸዋ ተከትሎ ይሮጥና ሸክላውን ይዘለዋል። በአንድ ጉድጓድ ላይ የሙከራ ዙር አድርጋችሁ፣ በዙሪያው ባሉ መከታተያ ጉድጓዶች የውሃውን ቀለምና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ለክታችሁ ውጤቱን ብታያይዙ ከማንኛውም ስሌት የበለጠ ያሳምናል።

ቀጥሎ የኬሚካሉ መጠን። በርካታ ማመልከቻዎች ብክለቱን ብቻ አስልተው እዚህ ይወድቃሉ። 1 ኪሎ ፐርክሎሮኤትሊን ለማጥፋት 1.27 ኪሎ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ይበቃል። በአንዱ ጉድጓድ ዙሪያ ያለው 113 ሜትር ኩብ አፈር በነፃነት የማያልፈውን ጨምሮ በውስጡ 34 ሜትር ኩብ ውሃ ቢይዝ፣ የሟሟው ብክለት 68 ግራም ነው፤ ለእሱ 86 ግራም ፐርማንጋኔት ይበቃል። አፈሩ ራሱ ግን ይበላል፦ የበሰበሰ ተክልና ገና ኦክሲጅን ያልያዙ ማዕድናት በኪሎ አፈር 2 ግራም ፐርማንጋኔት ቢፈጁ፣ ይኸው 113 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 192 ቶን አፈር፣ 384 ኪሎ ይወስዳል። ይህን ቁጥር ከመጽሐፍ አትውሰዱ። ከአሸዋውም ከሸክላውም ለየብቻ ናሙና አውጥታችሁ የ48 ሰዓት የላቦራቶሪ ሙከራ አሠሩ። 17 ሜትር ኩብ በ3 በመቶ ብትበጠብጡ 510 ኪሎ ይይዛል፤ ለዚህ ምሳሌ ይበቃል። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ከ4 በመቶ በላይ ለማሟሟት አትሞክሩ፤ ያልሟሟው ፍሬ ስክሪኑን ይደፍናል።

«ተጓዳኝ ጉዳት» ሲሉ በዋናነት ክሮሚየምን ማለታቸው ነው። ፐርማንጋኔት በአፈር ውስጥ ተኝቶ የነበረውን ክሮሚየም ወደ ስድስተኛው ቅርጹ ይለውጠዋል፤ ይህ ቅርጽ መርዛማ ነው፣ ከውሃም ጋር ይጓዛል። ኬሚካሉ ራሱም በብረታ ብረት ርኩሰት ሊመጣ ስለሚችል የአቅራቢውን የትንተና ወረቀት አያይዙ። ፐርማንጋኔቱ ሲያልቅ ክሮሚየሙ በአብዛኛው ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል፤ ነገር ግን በእናንተ አፈር እንደሚመለስ በላቦራቶሪ ማሳየት አለባችሁ። ከመጀመሪያው ዙር በፊት ክሮሚየም፣ አርሴኒክ፣ ማንጋኒዝ፣ ክሎራይድና ፒኤች (የአሲድነት ልክ) ካልተለኩ፣ በኋላ የሚገኘው ሁሉ የእናንተ ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል።

የማስገቢያ ግፊትም በማመልከቻው ይስፈር። ስክሪኑ 5 ሜትር ላይ የሚጀምር ከሆነ የላይኛው አፈር ክብደት ወደ 85 ኪሎፓስካል ነው። በቱቦው ውስጥ የቆመው ፈሳሽ ብቻውን 50 ያህል ይወስዳል፤ በአፍ ላይ ባለው መለኪያ የሚቀረው 35 ነው። ከዚያ ካለፈ አፈሩ ይሰነጠቅና ፈሳሹ በቧንቧ ቦይ በኩል ያመልጣል። ቅደም ተከተሉም ከዳር ወደ መሃል ይሁን፤ ከመሃል ከጀመራችሁ ብክለቱን ወደ ውጭ ትገፉታላችሁ።

በድንበር ላይ ያለው መከታተያ ጉድጓድ ሐምራዊ ከሆነ ወይም ክሮሚየሙ ከተወሰነ ልክ ካለፈ ማን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚያቆም በቁጥር ጻፉ። ለሚፈስ ነገር ፐርማንጋኔትን የሚያመክን የተበጠበጠ ሶዲየም ታዮሰልፌት ይዘጋጅ፤ ደረቁን ዱቄት ግን ፐርማንጋኔት ላይ ፈጽሞ አታፍስሱ፣ ይግላል።

በናሙና አወሳሰድ ላይ አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ ሐምራዊ ውሃ እንዳለ ከተላከ፣ በጠርሙሱ ውስጥ ብክለቱ መጥፋቱን ይቀጥልና ውጤቱ በሐሰት ያምራል። ለማሟሟቻው (ለፐርክሎሮኤትሊኑ) ምርመራ የሚላከውን ወዲያው በአስኮርቢክ አሲድ አምክኑት። ለክሮሚየም የሚላከውን ግን በሌላ ጠርሙስ ሳታመክኑ ውሰዱ፣ አለዚያ አሲዱ ክሮሚየሙንም ይቀይረዋል።

የቁፋሮ አፈርና ከጉድጓድ የሚቀዳው ውሃ ለየብቻ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ በታሸገ በርሜል ያዙ እንጂ ወደ ፍሳሽ መስመር አትልቀቁ።

በመጨረሻም ፈቃዱን ለአንድ ዙር ብቻ አትጠይቁ። ከወራት በኋላ በሸክላው ውስጥ የተደበቀው ማሟሟቻ ቀስ እያለ ይወጣና መጠኑ እንደገና ይጨምራል። ለሦስት ዙር የሚበቃ ጠቅላላ መጠን፣ በመካከላቸውም የሦስት ወር የክትትል ጊዜ አስገብታችሁ አመልክቱ።