ክዳኑ የተሰነጠቀው የጃፓን ሣጥን

ከፍራንክፈርት የጻፉልኝ አንባቢ፣ የላኩልኝን የጃፓን ሣጥንዎን ፎቶ አይቼዋለሁ። ክዳኑ በቁመቱ ተሰንጥቋል፣ የወርቁ አበባ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነሥቷል። «ነቀዝ ይሆን?» ብለዋል። ነቀዝ እንዲህ በቀጥታ መስመር አይሄድም። ሣጥኑ ከማሞቂያው በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው ብዬ ብገምት የምሳሳት አይመስለኝም። በደረቅ አየር እንጨቱ ይኮማተራል፤ የላዩ ልባስ ግን አብሮት አይኮማተርም።

ልባሱ ኡሩሺ ይባላል፤ ከዛፍ የሚደማ ፈሳሽ ነው። የእኛ አናጢዎች የሚቀቡት ላከር የሚሉት ቅብ ማቅጠኛው (ቲነሩ) ሲተን ይደርቃል። ኡሩሺን ግን የሚያጠጥረው በውስጡ ያለ ኢንዛይም ነው፤ እሱም የሚሠራው አየሩ ሲረጥብ ነው። ስለዚህ አዲስ የተቀባ ዕቃ እርጥበቱ ከ70 እስከ 80 በመቶ በሆነ ቁም ሣጥን ይዘጋበታል። ጀማሪ ሳለሁ ምድጃ አጠገብ አስቀምጬ ሳምንት ሙሉ እንዳጣበቀ ቀረ፤ እርጥብ ጨርቅ ካለበት ሣጥን ውስጥ ብከተው በማግሥቱ ጠጠረ። ወርቁም በብሩሽ የተቀባ ቀለም አይደለም። ሥዕሉ በኡሩሺ ይሳልና ሳይጠጥር የወርቅ ዱቄት ጫፉ ሐር በተወጠረበት ቀጭን ቱቦ ይነሰነስበታል። ማኪኤ የሚሉት ይህን ነው። ልባሱ ሲነሣ ወርቁ አብሮ የሚነሣው ለዚህ ነው።

ጥሬ ኡሩሺ ግን ገዝተው አይሞክሩ! ቆዳን ያሳብጣል፣ ያቆስላል። የማንጎ ልጣጭ የሚያሳክከው ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፤ ዛፎቹ ዘመዳሞች ናቸው።

ሣጥኑን ከማሞቂያና ከፀሐይ ያርቁት። ትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከማይነካው እርጥብ ፎጣና ከእርጥበት መለኪያ ጋር አድርገው በሦስትና አራት ሳምንት ቀስ ብለው እርጥበቱን ወደ 55 በመቶ ያድርሱት። ከቸኮሉ ይሻግታል። ከዚያ በተሰበረው ጠርዝ ከልባሱ ሥር ያለውን ምርጊት በረጠበ ጥጥ ይንኩት። ጥጡ ጭቃ ከያዘ ምርጊቱ በሙጫ የተቦካ ነው፤ ውኃ ያፈርሰዋልና እዚያው ያቁሙ፣ ለጥገና ባለሙያ ይስጡት። ንጹሕ ከሆነ ቀጭን የሞቀ የቆዳ ሙጫ በጥሩ ብሩሽ ከቅርፊቱ ሥር ያስገቡ፣ ትርፉን ይጥረጉ፣ የማይጣበቅ ወረቀትና ቀላል ክብደት ጭነው ያሳድሩት።

በፎቶው ላይ አረንጓዴ የመታው ጥግ የቀድሞ «ጠጋኝ» ሥራ ነው፦ ኢፖክሲ የሚሉት ጠንካራ ሰው ሠራሽ ማጣበቂያና የነሐስ ዱቄት። በየሱቁ «የወርቅ መጠገኛ» ተብሎ የሚሸጠው ርካሽ ጥቅል አንዳንዱ ይኸው ነው፤ ነሐሱ ይዝጋል፣ ኢፖክሲውን ለማንሣት ሲታገሉ ወርቁ አብሮ ይሄዳል። አይፋቁት፣ አሴቶንም (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውን ፈሳሽ) አይንኩበት።

የረገፉትን ቅርፊቶች፣ የጤፍ ፍሬ ቢያክሉም፣ በወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡ። ደግሜ እላለሁ፦ ጥሬ ኡሩሺ በጓንትም ቢሆን አይንኩ።