ሶኬቱን ከመሰካታችሁ በፊት፦ አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ለምታድሱ ልጆች

ልጆቼ፣

አሮጌ ማሽን ያገኘ ወጣት እጁ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሶኬት ነው። እባካችሁ አትሰኩት። ለዓመታት የቆመ ማሽን የሽቦው ልባስ ተሰነጣጥቋል፣ ግራሶው ደንድኗል፣ ፓምፑ ውስጥ የቀረው ውሃ ደርቆ ጨው ሆኗል። በዚህ ላይ ድንገት ኤሌክትሪክ ቢሰጠው ሊድን ይችል የነበረው ሞተር ቆሞ ያጓራና ይቃጠላል።

መጀመሪያ ቺንጋውን አውልቁና ሞተሩን፣ ፓምፑንና ከበሮውን ለየብቻ በእጅ አዙሩ። የማይዞረው ብዙ ጊዜ ፓምፑ ነው። ቀጥሎ ሽቦዎቹ ናቸው። ከአንዱ ጫፍ ትንሽ አጠፍ አድርጉት፤ ልባሱ ከተፈረፈረ ሁሉንም ቀይሩ፣ በቴፕ መጠቅለል መፍትሔ አይደለም። ከዚያ በ500 ቮልት የኢንሱሌሽን መለኪያ (ኤሌክትሪክ በልባሱ በኩል ማምለጡን በሚያሳይ መሣሪያ) በሽቦውና በብረት አካሉ መካከል ለኩ። ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ማሽኑ ለኤሌክትሪክ አልደረሰም። ተስፋ ግን አትቁረጡ፤ ሞተሩን ሞቅ ያለና አየር የሚያገኝ ቦታ ለቀናት አስቀምጡና ድገሙት። ቁጥሩ ከፍ ካለ የነበረው እርጥበት ነው፤ ካልተነሣ ጠመዝማዛው (የሞተሩ የሽቦ ጥቅል) ተበላሽቷል። ብዙዎቹ አሮጌ ማሽኖች ገመዳቸው ባለሁለት ሽቦ ነው። በባለሦስት ቀይሩና የመሬት መስመሩን ቀለም በተፋቀበት ንጹሕ ብረት ላይ በብሎን እሰሩት። ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ሣጥን ባሉበት ዕቃ «እንደ ጥንቱ ይሁን» የሚባል ክርክር አልቀበልም።

ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ያለው ሞተር ከሆነ ያጠራቀመውን ሳታራግፉ አትንኩት። በካቻቢቴ አጋጭቶ ብልጭታ ማየት የለመደ አለ፤ እናንተ ግን 10 ኪሎ ኦም አካባቢ በሆነ ሬዚስተር አራግፉት። እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ድረስ ከተሠሩት ዘይት ያላቸው ካፓሲተሮች አንዳንዶቹ ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ዘይት አላቸው፤ የሚያፈስ ካያችሁ በባዶ እጅ አትያዙ፣ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አትጣሉት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ኤሌክትሪክ ስትሰጡ በመስመሩ ላይ 100 ዋት ባለክር አምፖል በተከታታይ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ አልፎ ወደ ማሽኑ እንዲሄድ አድርጋችሁ፣ አስገቡ። ሞተሩ በዚህ ላይነሣ ይችላል፤ አምፖሉ የገባው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ሾርት ካለ ፊውዝ ወይም ሽቦ ከሚቃጠል እሱ ይበራል።

አሁን ወደ ኩሽኔታ፣ ዘንጉ ወደሚዞርበት ባለኳስ ቀለበት። ልብስ ሲጨምቅ የሚያጓራ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የኩሽኔታ በሽተኛ ነው፤ ጥፋቱ ግን ከፊቱ ካለው «ሲል» ከሚባለው ውሃ ከልካይ የጎማ ቀለበት ይጀምራል። ጎማው ሲደርቅ ወይም የሚያርፍበት ዘንግ ሲቦረቦር ሳሙናማ ውሃ ሾልኮ ይገባል፣ ግራሶውን ያጥበዋል፣ ከዚያ ኳሶቹ ይዝጋሉ። ኩሽኔታውን ብቻ ቀይሮ አሮጌውን «ሲል» የመለሰ ሰው ያንኑ ሥራ ይደግመዋል። የኩሽኔታው ቁጥር ጎኑ ላይ ተቀርጿል፦ 6205 ከሆነ የውስጥ ዲያሜትሩ 25፣ የውጪው 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ 6206 ደግሞ 30፣ 62 እና 16። ቁጥሩ በዝገት ከጠፋ በካሊፐር ለኩ። እጅግ አሮጌዎቹ ላይ በኩሽኔታ ፈንታ የነሐስ ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ታገኛላችሁ፤ እሱን ቶርኖ የሚሠራ ሰው ያወጣላችኋል። አዲሱን ኩሽኔታ ወደ ቤቱ (ወደሚቀመጥበት ቀዳዳ) ስታስገቡ የምትገፉት የውጪውን ቀለበት ብቻ ነው፤ ወደ ዘንግ ስታስገቡ ደግሞ የውስጡን። በተሳሳተው ቀለበት ከመታችሁት ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፍና መሄጃቸውን ያጎደጉደዋል፤ አዲስ ኩሽኔታ በመጀመሪያው ቀን ይጮሃል። ዘንጉ ላይ ጣታችሁን አሳልፉ፤ ጥፍራችሁ ከተያዘ ሲሉ ውሃ አይከለክልም፣ ዘንጉ መጠገን አለበት።

ስትገዙ ሞተሩ አለመሥራቱ አያስፈራችሁ፤ ሞተር ይጠቀለላል። የሚያስፈራው የተበሳ ገንዳ ነው። መሐል ያለው ማማሰያ ከዘንጉ ጋር ተጣብቆ ካገኛችሁት ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ አቆዩትና በሁለት በኩል እኩል ሳቡ። በገንዳው ጠርዝ ላይ አስደግፎ መፈልቀቅ የኢናሜሉን ሽፋን ይሰብራል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል። የአሉሚኒየም ገንዳ ካለው (ሜይታግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የቀድሞ ማሽኖች እንዲህ ናቸው) ኮስቲክ ሶዳ አይንካው፤ ሶዳው ብረቱን ይበላዋል። ለውሃ ጨው በሊትር 50 ግራም ያህል ሲትሪክ አሲድ በኢናሜል ላይ ሳይቆይ ታጥቦ ከወጣ ይበቃል፤ ዚንክ በተቀባ ቆርቆሮ ላይ ግን አትጠቀሙበት።

ባለሮለር መጭመቂያ ያላቸውን ሳታፍሩ ፍሩ። ሮለሩ ጣትም ክንድም ይስባል። የመልቀቂያውን ዘንግ በተጠቀለለ ፎጣ ሞክሩ፤ ወዲያው ካልለቀቀ ማሽኑ ለማንም አይታይ። ሜይታግ ባለሮለሩን እስከ 1983 (እ.ኤ.አ.) ሠርቷል፤ ስለዚህ ለኋለኞቹ መለዋወጫ ማግኘት ከቀደሙት ይቀላል። በ1937 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የቤንዲክስ አውቶማቲክ ደግሞ ወለል ላይ በብሎን እንዲታሰር የተሠራ ነው፤ ሳታስሩት ብታስጨምቁት ክፍሉን ይዞራል።

ለ60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ ለሚመላለስበት ቁጥር) የተሠራ ማሽን በ50 ኸርዝ አገር ሲገባ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አያስተካክልም። ሞተሩ በስድስተኛ እጅ ይዘገያል፣ ታይመሩም እንዲሁ፤ የ60 ደቂቃው ዙር 72 ይፈጃል። ለ115 ቮልት የተሠራውን ሙሉውን ከምትሰጡት ወደ 96 ዝቅ አድርጉት፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ጠመዝማዛው ግን አይግልም። ልብሱንም አሳንሱ።

ቀለሙን ሁሉ ፍቃችሁ አትቀቡት። እኔ ብመርጥ የተቧጨረውን የፋብሪካ ቀለም እመርጣለሁ። የሚታይ ዝገት ካለ ያችን ቦታ ብቻ አጽዱ።

የመጀመሪያውን እጥበት ያለ ልብስ አድርጉ፣ ሥሩ ደረቅ ጋዜጣ አንጥፉ። ማፍሰሱን ከዐይናችሁ በፊት ጋዜጣው ያሳያችኋል። አረፋ የሚያበዛ ሳሙና አትጨምሩ፤ አረፋው በዘንጉ በኩል ሽቅብ ወጥቶ አዲሱን ሲላችሁን ይፈትነዋል። ስትጨርሱ ፓምፑ ውስጥ የቀረውን አፍስሱና ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት።