የቆየ መኪና፣ ሴንሰርና "ሊን" ኮድ፦ ጥያቄና መልስ

ብሎን፦ ዛሬ ማታ ትንሽ ጊዜ አለኝ። በቆየ የቤንዚን መኪና ላይ ስለ ሴንሰርና ስለ ሊን ኮድ (አየሩ በዝቶ ነዳጁ ሲያንስ ማለት ነው) ጠይቁ። አስቀድሜ ልናገር፦ ኮድ ስላያችሁ ብቻ ሴንሰር ልትገዙ አትሩጡ።

ባለ 2001፦ ፒ0171 (የሊን ኮድ) አወጣብኝ። የኦክስጅን ሴንሰሩን ቀየርኩት። በሦስተኛው ቀን መብራቱ ተመልሶ በራ። አዲሱም ተበላሽቶ ይሆን?

ብሎን፦ አዲሱ ደህና ነው። አሮጌውም ደህና ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። ቤንዚን በልኩ እንዲነድ ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም ገደማ አየር ይፈልጋል። ሴንሰሩ የሚያየው ከጭሱ ጋር የወጣውን ትርፍ ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን ሲተርፍ ቮልቴጁ ወደ 0.1 ይወርዳል፣ ሲጠፋ ወደ 0.9 ይወጣል፣ ኮምፒውተሩም ይህን እያየ ኢንጄክተሩን (ነዳጅ የሚረጨውን) ረዘም ወይም አጠር አድርጎ ይከፍተዋል። ይህ ማስተካከያ ስካነር (ኮድ ማንበቢያ) ላይ ፊውል ትሪም ተብሎ በመቶኛ ይመጣል፣ የአጭርና የረጅም ጊዜ። ሁለቱን ደምራቸው። ከ10 በታች ከሆነ ተኛ። ፕላስ 25 አካባቢ ደርሶ ከቆየ ግን ኮምፒውተሩ "ከዚህ በላይ መጨመር አቃተኝ" ብሎ ፒ0171 ይጽፋል። ሴንሰሩ ያየውን ተናገረ፣ ምን አጠፋ?

አሁን ሞተሩን አሙቀህ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) አንብብ። ከዚያ 2500 ዙር ላይ ይዘህ አንብብ። በሚኒሞ ከፍ ብሎ 2500 ላይ ከወረደ፣ ከአየር መለኪያው ሴንሰር ወዲህ (ወደ ሞተሩ በኩል) ሳይለካ ሾልኮ የሚገባ አየር አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ያው ነው፣ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ግን የሾለከው ድርሻ ያንሳል። በተቃራኒው በሚኒሞ ደህና ሆኖ ነዳጅ ስትረግጥ ከጨመረ ወደ ነዳጅ ፓምፕ፣ ወደ ነዳጅ ፊልትሮ፣ ወይም ወደ ቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ሂድ።

ባለ 2001፦ በሚኒሞ +22፣ በ2500 ደግሞ +6።

ብሎን፦ ይኸው፣ መልሱን ራስህ አመጣኸው። ከዲፕራተሩ (የአየር ማጣሪያው) ወደ ስሮትል (የአየር መግቢያ በሩ) የሚሄደውን ጎማ ቱቦ አውልቀህ እጥፋቱን ዘርግተህ እይ፣ ሳይወልቅ ስንጥቁ አይታይም። ቀጥሎ የፍሬን ሰርቦ ቱቦ፣ ቀጥሎ ቀጫጭኖቹ የቫክዩም ጎማዎች። ሲቀዘቅዝ ብሶበት ሲሞቅ የሚሻለው ከሆነ የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን ጠርጥር።

ፍሬቻ፦ የኔዋ ትንተፋተፋለች፣ ምን ይሻለኛል?

ብሎን፦ ስንት ሞዴል ናት? ስትቀዘቅዝ ነው ስትሞቅ? ኮድ አላት? ጠንቋይ አይደለሁም እኮ።

ጎማ በጎማ፦ ለቱቦ ፍለጋው እኔ ካርቡራተር ማጽጃ እነፋበታለሁ። ዙሩ ሲቀየር ቀዳዳው እዚያ ነው፣ አለቀ።

ዝምተኛው፦ በጋለ ሞተር ላይ የሚቀጣጠል ነገር? ያንተ መኪና መቃጠል አለበት መሰለኝ።

ጎማ በጎማ፦ አሥር ዓመት ስሠራበት አልተቃጠለም።

ዝምተኛው፦ እስኪቃጠል ድረስ ማንም እንደዚያ ነው የሚለው።

ካርቡራተር ናፋቂ፦ ካርቡራተር ቢሆን በአንድ ካቻቪቴ ነበር የሚያልቀው። ይሄ ሁሉ ሽቦ...

ብሎን፦ ካርቡራተርም ጎማው ሲሰነጠቅ ሊን ይሆናል ወንድሜ፣ የሚነግርህ መብራት ስለሌለ ነው የወደድከው። ስለ ማጽጃው ዝምተኛው ልክ ነው። ጋራዥ የጭስ ማሽን ካለው በእሱ ይፈተሽ፣ ጭሱ ራሱ በቀዳዳው ብቅ ይላል። በሉ ወደ ጥያቄው።

ሰላም ነኝ፦ ብሎን፣ ካንዴላ ሲስት ነዳጁ ሳይነድ ይወጣል አይደል? ታዲያ ለምን ሊን ይላል?

ብሎን፦ እህቴ፣ የዛሬው ምርጥ ጥያቄ ይሄ ነው። ሴንሰሩ ቤንዚን አይቆጥርም፣ ኦክስጅን ነው የሚቆጥረው። ያልነደደው ነዳጅ ሲወጣ አብሮት ያልነደደ ኦክስጅንም ይወጣል። ሴንሰሩ "አየር በዛ" ይላል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ነዳጅ ይጨምራል፣ እዳው ገብስ የነበረው ነገር ካታሊስት (ጭስ ማጽጃውን) ማቃጠል ይሆናል። ከሴንሰሩ በፊት የጭስ ማውጫው ከተቀደደም ውጭ ያለውን አየር ይስብና ያው የውሸት ሊን ነው። ስለዚህ ኮዱ አጠገብ የመሳት ኮድ (ፒ0300 እስከ ፒ0304) ካለ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።

ናፍጣዬ፦ የማርሽ ዘይት የትኛው ይሻላል?

ብሎን፦ መጽሐፉ ላይ የተጻፈው።

ዘጠና ሦስት፦ የኔ የ1993 ቶዮታ ነው፣ ስካነር የሚሰካበት የለውም።

ብሎን፦ ሞተሩ ጋ ያለችውን የዲያግኖስቲክ ሳጥን ክፈት። ውስጧ ቴኢ1 (TE1) የተባለውን ቀዳዳ ከኢ1 (E1) ጋር በሽቦ አገናኝ፣ ቁልፉን ክፈት፣ ሞተሩን አታስነሳ፣ የሞተር መብራቱን ብልጭታ ቁጠር። 2 ብልጭታ፣ ፋታ፣ 5 ብልጭታ ከሆነ 25 ነው፣ ሊን ማለት። 21 የኦክስጅን ሴንሰር፣ 22 የውሃ ሙቀት። ክዳኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳታነብ ሽቦ አትክተት። ሴንሰሩ በሕይወት መኖሩን በዲጂታል ቴስተር ታየዋለህ፦ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ነዳጁን ድንገት ስትረግጠው ወደ 0.8 መዝለል፣ ስትለቀው ወደ 0.1 መውረድ አለበት። ሰንፎ መሀል ላይ ከቀረ፣ ያኔ ግዛ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሞተርህ አየር የሚመዝን ሳይሆን ግፊት የሚለካ (ማፕ) ካለው የሾለከ አየር ሊን ከማድረግ ይልቅ ሚኒሞውን ከፍ ያደርገዋል። ይህን የማያውቅ መካኒክ ሚኒሞ ሲያስተካክል ይውላል።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ፒ0171 አወጣ። የትኛውን ሴንሰር ልግዛ?

ብሎን፦ ኧረ በፈጠራችሁ! ከላይ አንብብ።

ባለ 2001፦ ቱቦውን አወለቅኩት። እጥፋቱ ሥር ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ። አሮጌውን ሴንሰር ግን ጥዬዋለሁ።

ብሎን፦ ሳይወሰድ ቆሻሻው ውስጥ ፈልገው።