ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት

ደብረ ማርቆስም ሁኑ ባሕር ዳር ወይ ፍኖተ ሰላም፣ ዌብሳይት መሥራት የጀመራችሁ ልጆች ስታገኙኝ ጥያቄያችሁ አንድ ነው። «ጋሼ፣ በምን እንሥራ?» የትኛው ፕሮግራም፣ የትኛው ፍሬምወርክ፣ የትኛው ላፕቶፕ። መልሱ አጭር ስለሆነ ቶሎ ልገላገለው። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድን ጫኑ፤ ነጻ ነው። ክሮምም ፋየርፎክስም ይኑራችሁ። የኮዳችሁን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግበውን ጊትን ተማሩ። ለንድፍ ፊግማ አለ፣ ወረቀትና እርሳስም አለ፤ እኔ ዛሬም ከወረቀቱ ነው የምጀምረው። ደንበኛው በየሳምንቱ ራሱ ዜና መለጠፍ ከፈለገ ዎርድፕሬስ ሥሩለት። አምስት ገጽ ብቻ ከሆነ ይዘቱ የሚጻፍበት ኤችቲኤምኤልና መልኩ የሚጻፍበት ሲኤስኤስ ይበቃዋል፣ ዳታቤዝ ምን ያደርግለታል? የመሣሪያው ነገር በቃ ይሄው ነው።

የማትጠይቁኝን ልንገራችሁ። ነገሩ ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ? እንጀራችሁ ያለው እዚያ ላይ ነው። እኔ የማየው ብዙው ልጅ ወዲያው ኮዱን ሲነካካ ነው። እዚህ ይቀይራል፣ እዚያ ያጠፋል፣ ቻትጂፒቲ የሰጠውን ሳያነብ ይለጥፋል፣ ከዚያ ድንገት ይሠራል፣ ለምን እንደሠራ ግን እሱም አያውቅም፣ ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ደንበኛ ጋ ያው ችግር ሲመጣ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ጎንጅም ሆነ ዋሸራ፣ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለየኔታ ሲነግር አንድ ቦታ ላይ ቢሰበርበት፣ የኔታ ሁሉንም አፍርሰህ ና አይሉትም። የተሰበረችውን ቃል ነው የሚያሳዩት። እናንተም መጀመሪያ የተሰበረችውን ቦታ ፈልጉ። ማቃናቱ ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ነው።

የእኛን አገር ሠሪ ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረውን ልውሰድ፤ አማርኛው ተበላሸ የሚባለውን። ደንበኛ ደውሎ «ጽሑፉ ተበላሽቷል» ይላችኋል። እንዴት ነው የተበላሸው? ይሄን ሳትጠይቁ ምንም አትንኩ፣ ምክንያቱም አበላሹ ሦስት ዓይነት ነው፣ ሦስቱም መድኃኒታቸው ይለያያል።

በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ከታየ ጽሑፉ ደህና ነው። ያ ኮምፒውተር ወይም ስልክ የግዕዝ ፎንት የለውም ማለት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ሳይቱ ላይ ጫኑና ተገላገሉ። ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ከታየም ጽሑፉ አልጠፋም። ፋይሉ የዓለምን ፊደል ሁሉ በሚይዘው ኮድ፣ በዩቲኤፍ-8፣ ተቀምጦ ብራውዘሩ በሌላ ኮድ እያነበበው ነው። ገጹ በየትኛው ኮድ እንደተጻፈ ለብራውዘሩ የሚነግረውን የቻርሴት ሜታ ታግ ከገጹ ራስ ላይ፣ ከርዕሱም በፊት አድርጉት። ብራውዘሩ የሚፈልገው በመጀመሪያዎቹ 1024 ባይት ውስጥ ስለሆነ ከታች የተወሸቀ ቻርሴት እንደሌለ ሊቆጠር ይችላል። እሱም ካልፈታው ሰርቨሩ ራሱ ሌላ ቻርሴት እየላከ ይሆናል፣ እዚያ እዩ።

የሚያስፈራው ሦስተኛው ነው። የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ካያችሁ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ሲቀመጥ ጠፍቷል። ምንም ፎንት አይመልሰውም። ዳታቤዙ ውስጥም ያለው የጥያቄ ምልክት ከሆነ ፊደሉ ሳይገባ ነው የቀረው፤ ያላችሁ አማራጭ ባክአፕ ወይም እንደገና መተየብ ነው። መንስኤው ብዙ ጊዜ ሠንጠረዡ ወይም ከዳታቤዙ ጋር ያለው ግንኙነት አማርኛን በማይይዘው ኮድ፣ በላቲን-1፣ መሆኑ ነው። ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የሚባለውን ምረጡ። ከ8.0 ጀምሮ ሳይጠየቅ የሚመጣው እሱ ነው፣ ርካሽ ሆስቲንግ (ሳይቱ የሚቀመጥበት ኪራይ ሰርቨር) ላይ ግን የድሮው አሁንም ያጋጥማችኋል። ዩቲኤፍ8 ብቻ የሚለው አማርኛን ይይዛል፣ ፊደሎቻችን ሦስት ሦስት ባይት ስለሆኑ። ኢሞጂ ሲመጣ ግን ይሰበራል፣ ኢሞጂ አራት ባይት ነው። ዛሬ ደግሞ ያለ ኢሞጂ አስተያየት የሚጽፍ ማን አለ?

ኤክሴልንም ተጠንቀቁ። የሱቅ ባለቤት የዕቃ ዝርዝሩን በኤክሴል ያመጣላችኋል፣ እናንተ ሲኤስቪ (በኮማ የተለየ ተራ ጽሑፍ) ብላችሁ ታስቀምጡታላችሁ፣ ከዚያ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8 የሚል ለብቻው አለ፣ እሱን ምረጡ። ዋናውንም ፋይል አታጥፉ።

ሌላም አለ። የቆየ የመሥሪያ ቤት ሰነድ በወርድ ሲከፈት ቁልጭ ያለ አማርኛ ነው፣ ሳይት ላይ ስትለጥፉት የላቲን ፊደል ይሆናል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በስሪት 3.0፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት በእነሱ ተተይቧል። መቀየሪያ ፕሮግራም አለ፤ ከቀየራችሁ በኋላ ግን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፣ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ ላይ ይስታል።

እሺ፣ ከፊደል እንውጣ። «ላፕቶፔ ላይ ይሠራል፣ ሰርቨር ላይ ሥዕሉ አይታይም» የሚለውን በየጊዜው እሰማለሁ። የፋይሉን ስም እዩ። ዊንዶውስ ለትልቅና ለትንሽ የላቲን ፊደል ግድ የለውም፣ አብዛኛው ሰርቨር ግን ሊኑክስ ነው፣ ለሱ ሁለቱ የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። ስም ስትሰጡ ሁሌም በትንሽ ፊደል፣ ያለ ክፍተት። የአማርኛ ስምም ለፋይልና ለአድራሻ አልመክርም። አድራሻው በቴሌግራም ሲላክ እያንዳንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል፣ አጭሩ ርዕስ ግማሽ ስክሪን ይሞላል፣ ሰውም ቫይረስ መስሎት አይነካውም።

የብራውዘሩን የመመርመሪያ መስኮት የሚከፍተውን ኤፍ12ን ልመዱ። ኔትወርክ የሚለውን ክፈቱና ገጹን እንደገና ጫኑ። 404 ካያችሁ ፋይሉ የተባለው ቦታ የለም። 500 ካያችሁ ጥፋቱ ሰርቨር ላይ ነው፣ ሲኤስኤሳችሁን ተዉት። ኮንሶሉ ቀይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጃቫስክሪፕቱ ነው፣ መስመሩንም ይነግራችኋል፣ እንግሊዝኛ ነው ብላችሁ አትሽሹት። ያስተካከላችሁት ነገር አልታይ ካለ ብራውዘሩ ያስቀረው የድሮ ቅጂ፣ ካሽ፣ ይሆናል፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና አር አንድ ላይ ተጫኑ። ሆስቲንግ ከቀየራችሁ ደግሞ ለአንዱ አዲሱ፣ ለሌላው አሮጌው ሳይት ለጥቂት ጊዜ ሊታይ ይችላል። ይሄን ለደንበኛው አስቀድማችሁ ንገሩት፣ አለበለዚያ ሌሊት ነው የሚደውለው።

ኮንሶሉ ንጹህ ሆኖ የገጹ አቀማመጥ ብቻ ከተዛባ የሲኤስኤሱን ግማሽ ኮሜንት አድርጉት፣ ማለትም ብራውዘሩ እንዳያነበው ዝጉት። ችግሩ ከጠፋ እዚያ ግማሽ ውስጥ ነው፣ ካልጠፋ በሌላው። ያንንም ለሁለት ክፈሉ። ሺህ መስመር ያለው ፋይል እንኳ አሥር ጊዜ ያህል ሲከፈል አንዲት መስመር ላይ ያደርሳችኋል። ስልክ ላይ ገጹ ወደ ጎን የሚንሸራተት ከሆነ ለሁሉም ኤለመንት ቀይ አውትላይን (ዙሪያ መስመር) ስጡ፣ ከስክሪኑ የወጣው ራሱን ያጋልጣል። ስልክ ላይ ሁሉ ነገር ትንንሽ ሆኖ ከታየ ደግሞ የቪውፖርት ሜታ ታግን ረስታችኋል፤ ያለሱ ስልኩ ገጹን 980 ፒክስል ገደማ የሆነ የኮምፒውተር ገጽ አድርጎ ነው የሚስለው።

ስልክ ካልኩ አይቀር፣ ሥራችሁን የሚያየው ሰው ያለው ቡሬ ወይ ሞጣ ነው፣ በዳታ ነው፣ ዳታውንም ቆጥቦ ነው። ጣና ዳር ያለ ሆቴል ይሠራልን ሲል አሥር ፎቶ ከስልክ እንደወጣ ይልካል፣ አንዱ ብቻ አራት አምስት ሜጋባይት። ወርዱን ወደ 1600 ፒክስል አውርዱት፣ ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ የሥዕል ፋይል ቀይሩት፣ ብዙ ጊዜ ከ200 ኪሎባይት በታች ይሆናል፣ ዓይንም ልዩነቱን አያየውም። ስኩሽ የሚባለው ብራውዘር ውስጥ ይሄን በነጻ ይሠራል። ኤፍ12 ውስጥ ኔትወርኩን 3ጂ አድርጋችሁ የራሳችሁን ሳይት ክፈቱ። ከሰለቻችሁ ደንበኛውም ሰልችቶታል።

ሎጎ ሲሰጧችሁ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከሆነ መልሱላቸው፤ ቴሌግራም ያሳንሰዋል። እንደ ፋይል ይላክ። ከዚያም ይሻላል ማኅተሙን ወይ ታፔላውን የሠራላቸው ማስታወቂያ ቤት ሄዳችሁ ዋናውን ፋይል ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ተኝቷል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፣ ወደ ፊደሉ መልክ። ብዙ አማርኛ ሳይት የሚያስጠላው ንድፉ ስለከፋ ሳይሆን ፊደሉ ስለታፈነ ነው። ለእንግሊዝኛ የተሠራ ቴምፕሌት ትወስዳላችሁ፣ የመስመር ክፍተቱ 1.4 ነው፣ አማርኛው ተጨናንቆ ይነባበራል። 1.7 ድረስ ውሰዱት። አንድ ውፍረት ብቻ ያለውን ፎንት፣ ለምሳሌ አቢሲኒካን፣ ቦልድ ስታደርጉት ብራውዘሩ በግድ ያወፍረዋል፣ ያን ጊዜ ጨ እና ሿ ቀለም የፈሰሰባቸው ይመስላሉ። ኖቶ ግን የራሱ ወፍራም አለው። ኢታሊክን ተዉት፤ ብራውዘሩ ፊደላችንን ገፍቶ ማጋደል ብቻ ነው የሚያውቀው። አራት ነጥብን በሁለት ኮለን የተየበ ጽሑፍ ሲመጣላችሁ በአንዴ ፈልጋችሁ ተኩት። ከአራት ነጥብ በፊት ያለውንም ክፍተት አጥፉ፣ አለበለዚያ ስልክ ላይ ነጥቡ ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል።

ሳይቱ መፈለጊያ ካለው ይሄንንም አስቡ፦ አንዱ ዓባይ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው አባይ ብሎ ይፈልጋል፣ መፈለጊያውም የለም ይለዋል። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ከነዘራቸው ለፍለጋ ወደ አንድ መልሷቸው፣ ሃን ከሀ፣ ኣንም ከአ ጋር አንድ አድርጉ፤ ሲታይ ግን ጸሐፊው እንደጻፈው ይሁን። ሰዓትም እንዲሁ። የሆቴሉ ባለቤት ክፍል ከ8 ሰዓት ጀምሮ ዝግጁ ነው ይላችኋል፣ ፈረንጁ ያንን በጠዋት ያነበዋል። በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ከቀኑ 2 ሰዓት ብላችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ። ቀኑን ለመቀየር ፎርሙላ አትፍጠሩ፣ ብራውዘሩ ራሱ የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል፣ ኢንትል በሚባለው የጃቫስክሪፕት ክፍል ውስጥ አለ።

መማሪያውን በተመለከተ፦ ለማጣቀሻ ኤምዲኤን፣ ከመጀመሪያ ለመማር ፍሪኮድካምፕ፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው። የትኛው ብራውዘር ምን እንደሚደግፍ ለማወቅ ካን አይ ዩዝ አለ። የዌብን ደንብ የሚያወጣው ደብልዩ ሥሪ ሲ ስለ ግዕዝ ፊደል አቀማመጥ ያዘጋጀው ረቂቅ ሰነድ አለ፣ አንብቡት፣ ስለ እኛ ነው የተጻፈው። ግን ይሄ ሁሉ ኢንተርኔት ካለ ነው። እዚህ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ ሲኖር አይተናል፣ መብራቱንም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ኔት ባለ ቀን አከማቹ። ዴቭዶክስ ማጣቀሻዎቹን ላፕቶፕ ላይ ያስቀምጥላችኋል። ኪዊክስ የፕሮግራመሮች ጥያቄና መልስ ያለበትን ስታክ ኦቨርፍሎውን ሳይቀር ያለ ኔት ያስነብባል፣ ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ አንድ ሰው አውርዶ በፍላሽ ተቀባበሉት። ላፕቶፑን እንደ ሰርቨር የሚያሠራው ዛምፕ ካላችሁ ዎርድፕሬስ ላፕቶፓችሁ ላይ ይሠራል፣ ጊትም ያለ ኔት ይመዘግባል። ያን ጊዜ ሥራ ያልቆመበት ሰው ይሄን አስቀድሞ ያዘጋጀው ነው።

የገንዘቡን ነገር በአጭሩ፦ ቀብድ ሳትቀበሉ አትጀምሩ። ዶሜኑ (የሳይቱ አድራሻ) በደንበኛው ስም ይመዝገብ፣ በእናንተ አይሁን፤ ኋላ ጸብ ነው። የሚያልቅበትን ቀን ለሁለታችሁም ስልክ ላይ አስታዋሽ ሙሉ።

ስትቸገሩ ደውሉልኝ፣ ደስ ይለኛል። ግን «ጋሼ፣ ሳይቱ እምቢ አለኝ» ብቻ ብላችሁ አትዝጉት። አድራሻውን፣ ሙሉ ስክሪንሾቱን፣ የስልኩን ዓይነትና ብራውዘሩን ላኩልኝ። ኦፔራ ሚኒ ከሆነ በተለይ ንገሩኝ፣ እሱ ገጹን በራሱ ሰርቨር አጭቆ ስለሚያመጣ ብዙ ጃቫስክሪፕት አይሠራበትም። መጨረሻ ላይ ሲሠራ የነበረው መቼ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደቀየራችሁም ጻፉት። ግማሾቻችሁ ይሄን ስትጽፉ መልሱን ራሳችሁ ታገኙትና ሳትልኩልኝ ትቀራላችሁ፣ እሱም ደግ ነው።